የጻቮው መሐንዲስ ኮሎኔል ፓተርሰንና ከናይሮቢ መሥመር የተረፉት ፎቶግራፎቹ

ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ አሥመራ የወጣው የምድር ባቡር በ1887 ዓ.ም. ተጀምሮ ደጋውን እስኪደርስ ድረስ 24 ዓመት ፈጅቷል፤ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋውም በ1897 ዓ.ም. ተጀምሮ የተፈጸመው በ1917 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው የእንግሊዞች ሐዲድ ግን 584 ማይል ያህል ርቀት ሳለው፥ በ1896 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1901 ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁን ነክቷል። (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ይህ ፍጥነት በምን ዋጋ እንደ ተገዛ ከሚመሰክሩት ነገሮች አንዱ፥ በመሥመሩ ላይ የሠራ አንድ መሐንዲስ በገዛ እጁ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ናቸው። መሐንዲሱ ጆን ሄንሪ ፓተርሰን ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ሁለት ሰው በላ አንበሶችን በመግደሉ እንጂ በለካው ወንዝና ባነሣው ሥዕል አይደለም።

ፓተርሰን በኖቬምበር 10 ቀን 1867 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር ተወለደ። ገና በ17 ዓመቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ገብቶ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ በዚያም የሂንዱስታኒ ቋንቋ ለመደ። በ1895 ዓ.ም. ፍራንሲስ ሄሌና ግሬይ የምትባል፥ በሕግ ትምህርት ማዕርግ ካገኙት የአየርላንድ የመጀመሪያ ሴቶች አንዷ የሆነች ሴት አገባ። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ዓመት የዩጋንዳ የምድር ባቡር ሥራ ኮሚቴ በምሥራቅ አፍሪካ በመሐንዲስነት እንዲያገለግል ላከው። ቋንቋውን ማወቁ ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ ጠቀመው፤ ለዚህ ሥራ ከሕንድ በመርከብ የመጡት ሠራተኞች በጠቅላላው ወደ 32,000 ይደርሱ ነበርና።

ፓተርሰን ሲደርስ የመሥመሩ አቅጣጫ አስቀድሞ ተጠንቶ ነበር። በ1891 እና በ1892 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ባልደረባ የሆነው ካፒቴን ጄምስ ማክዶናልድ ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ በእግር ተጕዞ፥ ሐዲድ ሊያልፍ የሚችልበትን አገር ቀይሶ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ቅየሳ ለመንግሥት ምክር ቤት የሚቀርብ ግምት ነው እንጂ ሐዲድ አያስነጥፍም። ከዚያ ወዲያ በየሠፈሩ የሚመደበው መሐንዲስ እሾኹን አስመንጥሮ፥ ቴዎዶሊቱን በሦስት እግሩ አቁሞ፥ ሰንሰለት ጐታቹን ወደ ፊት ልኮ፥ ችካል በችካል እየተከለ የሐዲዱን እምብርት በመሬት ላይ ማስመር አለበት። ዳገቱ ከሎኮሞቲቩ ጕልበት በላይ እንዳይሆን የምድሩ ከፍታ በውሃ ልክ ይለካል፤ ኰረብታው ይቈረጣል፤ ሸለቆው ይሞላል። አንድ ችካል በዝሆን ወይም በሰው ቢነቀል የአንድ ቀን ልፋት ይጠፋል። የመሐንዲሱ ሥራ ማስረጃ ደግሞ ሐዲዱ ሲነጠፍ ከሥሩ ይቀበራልና፥ ፎቶግራፍ ያላነሣለት ቅየሳ ከባለሙያው በቀር ማንም አያየውም።

ፎቶግራፍ ማንሣትም በዚያ ዘመንና በዚያ ቆላ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ካሜራው ከባድ ነው፤ የተነሣው ሥዕል ታጥቦ እንዲወጣ ጨለማ ስፍራና ንጹሕ ውሃ ይሻል፤ በንይካ ምድረ በዳ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ራሱ በባቡር ይመጣ ነበር። ፓተርሰን ይህን ሁሉ ችሎ ካሜራውን ከጠበንጃው ጋራ ይዞ ዞረ።

ሞምባሳ የደረሰው በማርች 1 ቀን 1898 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ያን ጊዜ ከባሕሩ 132 ማይል ርቆ ጻቮ ከሚባለው ወንዝ ደርሶ ነበር፤ የእርሱም ትእዛዝ በወንዙ ላይ ቋሚ ድልድይ እንዲሠራና በግራም በቀኝም ያለውን መሥመር እንዲያጠናቅቅ ነበር። ሐዲድ የሚያነጥፉት ጓዶች በጊዜያዊ የእንጨት ድልድይ ተሻግረው ወደ ፊት ሲገሠግሡ፥ ፓተርሰን ከጥቂት ሺሕ ሠራተኞች ጋራ ከወንዙ ዳር ቀረ። አስቀድሞ ወንዙን ለካ፤ አግድሞሽ ስፋቱን፥ የውሃውን ፍጥነት፥ በበጋና በክረምት የሚወርደውን መጠን መርምሮ አሰላ፤ ከዚያ በኋላ ምሰሶዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ ምልክት አደረገ። ልኩ ትክክል እንደ ነበረ በኋላ ታይቷል፤ ድንገተኛ ጐርፍ መጥቶ ጊዜያዊዎቹን ድልድዮች ጠርጎ ሲወስድ የእርሱ የድንጋይ ምሰሶ ከቦታው አልተነቃነቀም።

በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከገቡት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የዚህ ሥራ ሥዕሎች ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ እሾኽ፥ በመካከሉ የተከፈተ ቀጭን መንገድ፥ ራሳቸውን የጠመጠሙ ሰዎች፥ የተጠረበ ድንጋይ። የአንበሳውን ታሪክ ለመስማት የሚቸኵል አንባቢ ገጹን ቶሎ ይገለብጠዋል፤ የመንገድ ሥራ ያዘዘ ሹም ግን እዚያ ላይ ይዘገያል።

ከአንበሶቹ በፊት ፓተርሰንን ለሞት ያደረሰው የደመወዝ ጉዳይ ነበር። ለድልድዩ የሚሆን ድንጋይ የሚጠርቡ ሕንዶች በወር 45 ሩፒ ይከፈላቸዋል፤ ተራ ኩሊ ግን 12 ሩፒ ብቻ ነበር የሚያገኘው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሐንዲሱ የሚጠረበውን ድንጋይ ቢቈጥር፥ ጠራቢ ተብለው ከተመዘገቡት ብዙዎቹ መዶሻ ይዘው የማያውቁ ኩሊዎች ሆነው ተገኙ፤ ለካቦው ጥቂት ጉቦ እየሰጡ በከፍተኛው መዝገብ ገብተው ነበር። ፓተርሰን ቅጣት አልጣለም፤ ደመወዙን በቍርጥ ሥራ አደረገው። እውነተኛው ጠራቢ 45 ሩፒውን በቀላሉ የሚያገኝበትን መጠን ወሰነ፤ የማያውቀው ደግሞ እንደ ሥራው ይከፈለው አለ። እንዲህ ያለውን ማስተካከያ በማንኛውም የመንግሥት ሥራ ላይ የሞከረ ሰው ጠላቱ ከማን ወገን እንደሚነሣ ያውቃል። ሐሰተኞቹ ጠራቢዎች ከእውነተኞቹ ጋራ ተማምለው መሐንዲሱን ሊገድሉትና ሬሳውን በዱር ሊጥሉት፥ ከዚያም አንበሳ በላው ሊሉ ተስማሙ።

በሴፕቴምበር 6 ቀን 1898 ዓ.ም. ፓተርሰን ወሬውን አስቀድሞ ሰምቶ ሳለ ብቻውን ወደ ድንጋዩ ስፍራ ወረደ። ከበቡት። ከአንድ ቋጥኝ ላይ ዘልሎ ወጥቶ በሂንዱስታኒ ተናገራቸው፤ የሰቀላ ቅጣት እንደሚጠብቃቸው፥ መንግሥትም የአንበሳውን ተረት እንደማያምን ገለጠላቸው። ተበተኑ። ዋነኞቹ ከጥቂት ቀን በኋላ ተይዘው ወደ ሞምባሳ ተላኩና ተፈረደባቸው። የፓተርሰን ድፍረት የሚደነቅ ቢሆንም፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚናገረው እርሱ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የጠራቢዎቹን ቃል የመዘገበ ሌላ መጽሐፍ አልታተመም።

ሴረኞቹ አንበሳን ሰበብ ለማድረግ ማሰባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። መሐንዲሱ ጻቮ በደረሰ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ጋማ የሌላቸው ሁለት ወንድ አንበሶች ሌሊት ሌሊት ወደ ድንኳኖቹ እየገቡ ሰው መውሰድ ጀምረው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች መካከል ኡንጋን ሲንግ የሚባል ብርቱ የሕንድ ካቦ ይገኛል፤ ከባልንጀሮቹ መካከል ከድንኳኑ ተጐትቶ ተወሰደ። የእሾኽ አጥር አላገዳቸውም፤ እሳትም አላስፈራቸውም። ሠፈሩ በብዙ ማይል ላይ ተበትኖ ስለ ነበረ፥ መሐንዲሱ በአንዱ ጥግ ሲያደባ አንበሶቹ በሌላው ጥግ ይገቡ ነበር። ወጥመድ ሠራ፤ ከማማ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጠ፤ ደጋግሞም ሳተ። በዲሴምበር 1 ቀን ሠራተኞቹ ታከታቸው፤ የመጡት ለመንግሥት ለመሥራት እንጂ የአንበሳ ቀለብ ለመሆን አለመሆኑን ገልጠው፥ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ባቡር ፊት በሐዲዱ ላይ ተጋድመው አስቆሙት፤ በብዙ መቶ የሚቈጠሩት ተሳፍረው ሄዱ። ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ቆመ።

የመጀመሪያው አንበሳ በዲሴምበር 9 ቀን ከማማው ሥር ተገደለ፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 9 ጫማ ከ8 ኢንች ሲሆን ወደ ሠፈሩ ለመሸከም ስምንት ሰው አስፈልጓል። ሁለተኛው በዲሴምበር 29 ቀን ወደቀ። ካሜራው ይህን አልሳተም፤ የሞተው አንበሳ ራሱ ቀና ተደርጎ የተነሣው ሥዕል በዓለም ሁሉ የታወቀ ሆነ። የሸሹት ሠራተኞች ተመለሱ፤ በጃንዋሪ 1899 ዓ.ም. መጨረሻም ከብር የተሠራ ሳሕን ለመሐንዲሱ አበረከቱለት። ከአምስት ወር ቀደም ብሎ ሊገድሉት ከተማማሉት መካከል አንዳንዶቹ ለሳሕኑ ገንዘብ ሳያዋጡ አልቀሩም ይሆናል። ድልድዩ በፌብሩዋሪ ወር ተፈጸመ።

አንበሶቹ የበሏቸው ሰዎች ስንት ነበሩ? የባቡሩ መዝገብ 28 ሕንዶች ይላል። ፓተርሰንም በመጽሐፉ ይህንኑ ቍጥር ጽፎ፥ ከዚህ በላይ ብዙ የአገሩ ተወላጆች እንደ ሞቱና ለእነርሱ መዝገብ እንዳልተያዘ ገለጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1925 ዓ.ም. ቍጥሩን 135 አደረሰው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ሊቃውንት የአንበሶቹን አጥንትና ጠጕር በኬሚካል መርምረው፥ የሁለቱ ምግብ ከሰው ሥጋ ስንት እጅ እንደ ነበረ በማስላት ወደ 35 ሰው ገመቱ፤ ግምቱ ግን ከ4 እስከ 72 ሊዘረጋ እንደሚችል ራሳቸው አስታወቁ። መሐንዲሱ የወንዙን ጥልቀት በኢንች ለክቶ የጻፈ ሰው ነው። በዚያው ስፍራ የሞቱትን ሰዎች ግን ግማሹን በመዝገብ፥ ግማሹን በመገመት ተወ። ምክንያቱ የእርሱ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ሕንዱ በውል የመጣና ደመወዙ ለቤተሰቡ የሚጠየቅ ስለ ሆነ ስሙ በደብተር ላይ ነበር፤ በአካባቢው የሚኖረው የታይታ ወይም የካምባ ሰው ግን ከደብተሩ ውጭ ነበርና ሲጠፋ የሚጐድል ሒሳብ አልነበረም።

አንድ ፎቶግራፍ በዚህ ነገር ላይ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ፓተርሰን ከወንዙ ማዶ ሲያድን አንድ ዋሻ አገኘ፤ በውስጡ የሰው አጥንትና የአገሩ ሰው የሚያደርገውን አምባር ስላየ የሰው በላዎቹ ጕድጓድ ነው ብሎ ወሰነና ሥዕሉን አነሣ። ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ1997 ዓ.ም. የቺካጎና የኬንያ ቤተ መዘክሮች ሊቃውንት በሥዕሉና በጽሑፉ እየተመሩ ዋሻውን ፈልገው አገኙት። ፎቶግራፉ ስለ ቦታው እውነት ተናግሯል። ስለ ስሙ ግን ክርክር ተነሣ፤ አንበሳ የገደለውን ወደ ዋሻ የማጓዝ ልማድ ስለሌለው፥ ዋሻው የጥንት ሰዎች ሬሳ የሚያሳርፉበት ስፍራ ሳይሆን አይቀርም ያሉ አሉ።

ድልድዩ ሲያልቅ ፓተርሰን ወደ ሐዲዱ ጫፍ ተዛውሮ በአቲ ሜዳ ላይ ሥራውን ቀጠለ። እንደ ጻቮ ያለ እሾኽ በሌለበት በዚህ ሜዳ ቅየሳው ቀላል ነበር። በሜይ 30 ቀን 1899 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሞምባሳ 327 ማይል ላይ፥ ማሳዮች በቋንቋቸው ቀዝቃዛ ውሃ ብለው ከሚጠሩት ጅረት ዳር ደረሰ። ስፍራው ናይሮቢ ተባለ። ከዚያ በፊት በ1896 ዓ.ም. ኤሊስ የሚባል የጦር መሐንዲሶች ሻምበል ባሻ ለበሬና ለበቅሎ ጓዝ ማረፊያ ከማቆሙ በቀር ከተማ አልነበረበትም። መሐንዲሶቹ የመረጡት አንድ ምክንያት ይዘው ነው፤ ባቡሩ የኪኩዩን ደጋ ከመውጣቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ሰፊ ሜዳ ስለ ሆነ፥ ፉርጎ ለመደርደርና ፋብሪካ ለማቆም ይመቻል። ለሰው ጤንነት ይመች እንደ ሆነ ግን አልተጠየቀም። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው መውረጃ አጥቶ ረግረግ ይሆናል።

ሚስማር እንኳ ከሞምባሳ ካልመጣ በማይገኝበት በዚህ ባዶ ሜዳ ላይ መንገድ፥ የውሃ ቧንቧ፥ የሠራተኛ ቤትና የባቡር ፋብሪካ በጥቂት ወር ውስጥ ቆሙ። የባቡሩ የሥራ ፎቶግራፍ አንሺ ዊልያም ያንግ በዚያ ዘመን ያነሣቸው ሥዕሎች የቆርቆሮ ቤቶቹን ረድፍ ያሳያሉ። ከባቡሩም ጋራ ነጋዴ መጣ። ከሕንድ የመጡ ባለሱቆች በጣቢያው አጠገብ በቆርቆሮና በሸራ ባዛር አቆሙ፤ ሩዝ፥ ቅቤ፥ አቡጀዲ፥ ጨው ይሸጡ ጀመር። ማንም ቦታ ለክቶ አልሰጣቸውም፤ ሐዲዱን በኢንች የሚለካው መሥሪያ ቤት ለገበያው ፕላን አላወጣምና ሱቅ በሱቅ ላይ ተደገፈ።

አይጦች በባዛሩ መንገድ ላይ እየወደቁ መሞት ጀመሩ፤ ቀጥሎም ሰው በቸነፈር ታመመ። ፓተርሰን በመጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ለነዋሪዎቹ የአንድ ሰዓት ጊዜ ሰጥቶ ካስወጣቸው በኋላ ባዛሩን በሙሉ በራሱ ኀላፊነት አቃጠለው። ከአለቆቹ ቀላል ወቀሳ ደረሰበት፤ ቸነፈሩ ግን እርሱ በዚያ በነበረበት ጊዜ አልተመለሰም። ስለ ነጋዴዎቹ ዕቃ ብዙ አላተተም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሱቅ ምን ያህል ዕቃ ሊወጣ እንደሚችል ለነጋዴ መንገር አያሻም፤ በሌላው ወገን ደግሞ ቸነፈር ደብዳቤ ተጽፎ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም። መሐንዲሱ ከሁለቱ ክፉዎች አንዱን መረጠ፤ ሊነቀፍ የሚገባው በማቃጠሉ ሳይሆን የተቃጠለውን ቈጥሮ ባለመመዝገቡ ነው። በ1902 ዓ.ም. ቸነፈር በናይሮቢ ዳግመኛ ተነሥቶ የሕንዶቹ ባዛር እንደ ገና ተቃጠለ። ሐኪሞች ከተማው ወደ ደረቅና ከፍ ያለ ስፍራ እንዲዛወር አሳሰቡ፤ ነገር ግን በባቡሩ ሥራ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ከሐኪሞቹ ቃል ይልቅ ከበደ፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማም የአገሩ መንግሥት መቀመጫ ሆነ።

መሥመሩ በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቷል፤ ከሕንድ ከመጡት ሠራተኞች ወደ 2,500 የሚሆኑት ሞተዋል፤ የሚበዙትን የገደለ ወባና ተቅማጥ እንጂ አንበሳ አይደለም። ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ሥራው ካለቀ በኋላ በአገሩ ቀርተዋል።

ፓተርሰን በ1899 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ዘመተና ተሸለመ። በ1907 ዓ.ም. የጻቮ ሰው በላዎች የተባለው መጽሐፉ ሲወጣ ስሙ ገነነ፤ ወዲያውም የምሥራቅ አፍሪካ የአራዊት ጥበቃ ሹም ሆኖ ወደ ናይሮቢ ተመለሰ። የተሰጠው ዋና ሥራ ደግሞ ቅየሳ ነበር፤ በሰሜን በኩል እስከ ማርሳቢት አቅራቢያ የሚደርሰውን የአራዊት ክልል ወሰን ሄዶ እንዲያጣራ ታዘዘ። ይህ አገር ለኢትዮጵያ ወሰን ቅርብ ነው፤ ካፒቴን ፊሊፕ ማውድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በ1902 እና በ1903 ዓ.ም. የቦረናን ድንበር ቀይሶ ነበር፤ በእርሱም መሠረት የወሰኑ ውል በዲሴምበር 1907 ዓ.ም. ተፈርሟል።

በ1908 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓተርሰን ለዚህ ሥራ ሲወጣ ኦድሊ ብላይዝ የሚባል ወጣት መኰንንና ሚስቱ አብረውት ሄዱ። ብላይዝ በመንገድ ታመመ፤ አንድ ማለዳም በድንኳኑ ውስጥ በሽጕጥ ተመትቶ ሞተ። ፓተርሰን ሬሳውን አስቀብሮ ጕዞውን ከሟቹ ሚስት ጋራ ወደ ፊት ቀጠለ። በናይሮቢ ሐሜቱ ገነፈለ፤ ጉዳዩ እስከ ለንደን ምክር ቤት ደረሰ፤ ማስረጃ ቀርቦበት የተፈረደበት ነገር ግን የለም። በ1909 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ባወጣው በሁለተኛው መጽሐፉ ስለ መንገዱ፥ ስለ ውሃው፥ ስለ አራዊቱ አብዝቶ ይተርካል፤ ስለ ብላይዝ ሞት የጻፈው ግን አጭር ነው። የሕይወቱን ግማሽ በመለካት ያሳለፈ ሰው ሰዎች እንዲለኩለት የፈለጉትን ነገር ሳይለካ አለፈው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ከአፍሪካ ውጭ ነው። በ1915 ዓ.ም. በእስክንድርያ ከአይሁድ ስደተኞች በተቋቋመው የበቅሎ ጓዝ ጦር ላይ ተሹሞ በጋሊፖሊ ውሃና ጥይት አመላለሰ፤ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የአይሁድ ሻለቃ ጦር ይዞ በፍልስጥኤም ተዋጋ። በ1920 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ። ሁለቱ የአንበሳ ቆዳዎች በቤቱ ወለል ላይ ምንጣፍ ሆነው 25 ዓመት ያህል ከተረገጡ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ለቺካጎ ቤተ መዘክር በ5,000 ዶላር ተሸጡ። ብራያን የሚባለው ልጁም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቤተ መዘክር ሥራ ጀምሮ ታላቅ የቅሪተ አካል ሊቅ ሆነ፤ በ1965 ዓ.ም. ከቱርካና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ ካናፖይ ላይ ጥንታዊ የሰው ዘር አጥንት ያገኘው እርሱ ነው። አባቱ በጁን 18 ቀን 1947 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አረፈ፤ የእርሱና የሚስቱ ዐመድ በ2014 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተወስዶ ተቀብሯል።

አንበሶቹ በቺካጎ በመስተዋት ውስጥ ቆመዋል። በ2024 ዓ.ም. ሊቃውንት በተሰበረው ጥርሳቸው ጕድጓድ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጠጕር አውጥተው ሲመረምሩ የቀጭኔ፥ የሜዳ አህያ፥ የሳላና የሌላም አውሬ ጠጕር አገኙ፤ የሰውም ጠጕር ነበረበት። የሰውየው ወገን ከሕንድ ይሁን ከጻቮ አካባቢ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ መርማሪዎቹ ግን ከአካባቢው ሰዎችና ከሟቾቹ ዘሮች ጋራ አስቀድሞ ምክር ሊደረግ ይገባል ብለው የሰውን ጠጕር ከዚያ በላይ ሳይመረምሩ አቆዩት።